በብርዱ ወራት ሆድ ሲደርቅ፦ ደብረ ብርሃንና አካባቢው ላላችሁ

ጠባሴ ነርስ

ጤና ይስጥልኝ። ጥቅምት ገብቶ ውርጩ ሲጀምር "ራሴን ያመኛል"፣ "ጨጓራዬ ተነሳ"፣ "ምግብ አስጠላኝ" እያለ የሚመጣ ሰው ይበዛብናል። ትንሽ ጠየቅ ሲደረግ ነገሩ ሌላ ይሆናል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሽንት ቤት ከተቀመጥኩ ቆይቻለሁ" ይላል።

ስለ ተቅማጥ ሰው አፍ ሞልቶ ያወራል። ስለ ድርቀት ግን ያፍራል። እዚህ ማንም ስሙን አይጽፍምና በግልጽ እንነጋገር።

መጀመሪያ፣ በየቀኑ አለመውጣት ብቻውን በሽታ አይደለም። በቀን 3 ጊዜ የሚወጣም፣ በሳምንት 3 ጊዜ የሚወጣም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ድርቀት የምንለው በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች ሲሆን ነው። ሰገራው የፍየል በጠጥ መስሎ ሲደርቅ፣ ብዙ ሲያስምጥ፣ ወጥቶም "አልጨረስኩም" የሚል ስሜት ሲቀር ያው ድርቀት ነው።

ከውስጥ የሚሆነው ቀላል ነው። ትልቁ አንጀት ከምግቡ ቅሪት ውሃ ይመጥጣል። ሥራው ነው። ቅሪቱ በጊዜ ከወጣ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። በቆየ ቁጥር አንጀቱ ውሃውን መምጠጡን አያቆምም፣ ቅሪቱም እየደረቀ ይሄዳል።

እኛ ጋ ይሄን የሚያብሱ ነገሮች አሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ብርድ ላይ ጥማት አይሰማም። ሰውነት ግን በትንፋሽም በሽንትም ውሃ ማውጣቱን አይተውም። ጠዋት አንድ ስኒ ቡና፣ ከሰዓት አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ የሚውል ሰው ስንት አለ።

ሌላው ሽንት ቤቱ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ ነው ያለው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሆድ ይጠራል። ጋቢው ሞቋል። ውጭ ሣሩ ነጭ ሆኗል፣ ጆጉ ውስጥ ያለው ውሃ ላይ ስስ በረዶ ጋግሯል። "ፀሐይ ትውጣና እወጣለሁ" ይባላል። ፀሐይ ስትወጣ ስሜቱ የለም። ይሄ በየቀኑ ሲደጋገም የፊንጢጣው የውስጥ ክፍል መለጠጥ ይለምዳል፣ መጥራቱንም እየቀነሰ ይመጣል።

ውሃም አትክልትም እንመክራለን፣ ልክ ነው። እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው አንድ ነገር ነው፦ ሆድ ሲጠራ መሄድ። የመጣውን መመለስ ልማድ ከሆነ፣ ጎመኑም ፓፓያውም ብቻውን አያድንም። እናንተስ ምን ታያላችሁ?

የደሴ መስመር ሾፌር

እህቴ፣ ስለ እኛ ነው የጻፍሽው። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ጭነት አመላልሳለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው የምነሳው። ውሃ ከጠጣሁ መንገድ ላይ መቆም ስላለብኝ አልጠጣም። የታርማበርን ዋሻ አልፌ ደብረ ሲና ላይ ቁርስ እበላለሁ። ሆዴ የሚጠራኝ ቁልቁለቱን ስጀምር ነው። እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ከባድ መኪና አቁሞ መውረድ አይታሰብም። ሸዋ ሮቢት እስክገባ እይዘዋለሁ። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ደግሞ ድራሹ የለም።

አሁን ሲወጣ ያመኛል። ወረቀት ላይ ደምም አይቻለሁ። ጓደኞቼ "ኪንታሮት ነው፣ የሾፌር ደሞዝ ነው" ይሉኛል። እውነት ምንም አይደለም?

ጠባሴ ነርስ

ወንድሜ፣ ሆድህ ሰዓቱን በትክክል ነው የሚያውቀው። ምግብ ጨጓራ ሲገባ ለትልቁ አንጀት "ቦታ ልቀቅ" የሚል ምልክት ይሄዳል። ይሄ ምልክት በጣም የሚጠነክረው ጠዋት፣ ከመጀመሪያው ምግብ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ላይ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይመጣል። አንተ ያን ጊዜ መሪ ላይ ነህ።

ስለዚህ ደብረ ሲና ላይ ቁርስህን ብላ፣ ቡናህን ጠጣ፣ ወዲያው ሞተር አታስነሳ። ቡና ራሱ ብዙ ሰው ላይ ትልቁን አንጀት ያነቃቃል። እዚያው ሽንት ቤት ግባና ጥቂት ደቂቃ ተቀመጥ። ባይመጣ አታስምጥ፣ ውጣ። በማግስቱም እዚያው ሰዓት ላይ ድገመው። አንጀት ሰዓት ይለምዳል። ውሃውን ደግሞ አንዴ ከምትገለብጠው በሃይላንድ ይዘህ ጎንጨት ጎንጨት እያልክ ሂድ። እንደዚያ ሲሆን ሽንት ቶሎ ቶሎ አያስቆምህም።

ደሙን ግን በጓደኛ ምርመራ አትለፈው። ወረቀት ላይ ደማቅ ቀይ ሆኖ የሚታይ ደም ብዙ ጊዜ ኪንታሮት ወይም የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነው፣ ልክ ናቸው። ነገር ግን ከውስጥ የሚመጣ ሌላ ነገርም እንዲሁ ሊጀምር ይችላል። አንድ ቀን ወስደህ ታይ። አታፍር፣ እኛ በየቀኑ የምናየው ነገር ነው።

የፈረቃ ሠራተኛ

የሾፌሩ ይሻላል። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ የማሽን ሥራ ላይ ነኝ። ሽንት ቤት ለመሄድ ተቆጣጣሪ ማስፈቀድ አለብን። ሁለተኛ ጊዜ ከጠየቅሽ ግልምጫ አለ። ሴቶቹ ሆን ብለን ውሃ ሳንጠጣ እንውላለን። ከእኔ ጋር የምትሠራ ልጅ ከድርቀቱ ጋር የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ተደርቦባታል። ይሄን ማን ይናገርልናል?

ጠባሴ ነርስ

አንቺው ተናገሪው፣ ብቻሽን ግን አይሁን። ብዙ ሆናችሁ ጠይቁ። የጤና ጉዳይ ነው፣ ልመና አይደለም። ውሃ አለመጠጣትና ሽንት መያዝ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ሊያመጣ እንደሚችል ለተቆጣጣሪው በግልጽ ንገሩት። አንዲት ሠራተኛ ታማ ከምትቀር አሥር ደቂቃ ብትወጣ ለማሽኑም ይሻላል። እስከዚያው ፈረቃሽ ጠዋት ከሆነ ቀደም ብለሽ ተነሺና ቤት ቁርስ ብሊ። ቤት ውስጥ ጨርሰሽ ለመውጣት ሞክሪ።

የመሐል ሜዳ እናት

እኔ የልጄ ጉዳይ ነው ያስጨነቀኝ። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ጀመረች። ከዚያ በፊት ምንም አልነበረባትም። አሁን ለቀናት አትወጣም። ሲመጣባት ጥግ ይዛ እግሯን አጣምራ ትቆማለች፣ ፊቷ ይቀላል። እኔ እያማጠች መስሎኝ "አይዞሽ ግፊው" እላለሁ። ለካ እየያዘችው ነው።

ከዚያ የባሰ መጣ። የውስጥ ሱሪዋ ላይ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጭን ነገር ይገኛል። "ሆዷ ተበላሽቷል" ብለው ሰዎች የተቅማጥ መድኃኒት ስጪ አሉኝ። መምህሯ "ሰነፍ ሆነች፣ ልብሷ ላይ ትለቃለች" አለችኝ። ልጄ ታለቅሳለች። ስትነግረኝ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በር የለውም። ወንዶቹ ያያሉ።

ጠባሴ ነርስ

እህቴ፣ ያስተዋልሽው ነገር ብዙ ሐኪም ፊት የማይነገር ነው። በደንብ አይተሻል።

የተቅማጥ መድኃኒት እንዳትሰጪያት። ተቅማጥ አይደለም። ብዙ የደረቀ ሰገራ ከታች ተጠራቅሟል። ከላይ ያለው ቀጭኑ በጎኑ እየሾለከ ይወርዳል። ልጅቷ ሲወርድ አይሰማትም፣ ምክንያቱም ቦታው ተለጥጧል። ስለዚህ ስንፍናም ብልግናም አይደለም። መምህሯንም እንዲህ ብለሽ አስረጃት። የሚቀጡ ልጆች የበለጠ ይይዛሉ።

አዙሪቱ እንዲህ ነው። በር የሌለው ሽንት ቤት አሳፈራት፣ ያዘችው። ያዘችው፣ ደረቀ። ደርቆ ሲወጣ አመማት። ስላመማት አሁን ቤትም ትይዘዋለች። እግር አጣምሮ መቆም የመያዝ ምልክት ነው፣ የማማጥ አይደለም።

ምግብ ብቻ ይሄን አይፈታውም። የተጠራቀመው መጀመሪያ መውጣት አለበት። ጤና ጣቢያ ውሰጃት። የሚያለሰልስ መድኃኒት በክብደቷ ልክ ይታዘዝላታል። ብዙ ወላጅ ለሁለት ቀን ሰጥቶ ሲወጣላት ያቆማል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። የተለጠጠው ቦታ ወደነበረበት እስኪመለስ ብዙ ጊዜ ወራት ይፈጃል። ሐኪሙ ሳይልሽ እንዳታቆሚ።

ከዚያ ጋር ቤት ውስጥ ቁርስና እራት ከበላች በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ትቀመጥ። እግሯ መሬት ይንካ፣ እንዳይንጠለጠል። ወጣም አልወጣም ስለተቀመጠች አመስግኛት። ወተት የምታበዢላት ከሆነ ትንሽ ቀንሺ። ወተት ጠግባ ምግብ የማትበላ ልጅ ይደርቅባታል። እና እባክሽ፣ ጎረቤት "ሳሙና ክተቺላት" ቢልሽ እሺ እንዳትይ። ሳሙና ውስጡን ያቃጥላል፣ ፍርሃቷንም ይጨምርባታል።

የሁለት ልጆች እናት ከሞላሌ

የመሐል ሜዳዋ እህቴ፣ በሩን ዝም እንዳትዪው። እኛ ሦስት እናቶች ሆነን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባን። አልተጣላንም። "በር ይሠራልን፣ ወጪውን እናዋጣለን" አልን። ቆርቆሮና ማጠፊያ ነው፣ ብዙ ወጪ የለውም። ተሠራ። ለሴቶቹ ለብቻ ደግሞ ተለየ። ልጄ ሰኞ ዕለት መጥታ "እማ ዛሬ ትምህርት ቤት ወጣሁ" ስትለኝ በዓል ነው የሆነብኝ።

ምንጃር

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ትንሽ ልከራከር። እኛ ምንጃር ጤፍ እንጀራ፣ ሽምብራ፣ ምስር የምንበላ ሰዎች ነን። አባቶቻችን ድርቀት የሚባል አያውቁም ነበር። አሁን ልጆቹ ከተማ ገብተው ጠዋት ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ማካሮኒ፣ ማታ ሩዝ ነው። የሆድ ድርቀት የመጣው ከዱቄቱ ነው። መያዝ ምናምን የምትሉት ሁለተኛ ነገር ነው። ወደ እንጀራችን ብንመለስ ግማሹ ችግር አይጠፋም?

ጠባሴ ነርስ

ጋሼ፣ ግማሹ ብለዋልና እስማማለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል። ፋይበር የሚሉት ነው። ከዚያ ላይ ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ። ጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ በየቀኑ የሚበላ ሰው ከነጭ ዳቦና ከማካሮኒ በጣም ይርቃል። የፉርኖ ዱቄት ሲዘጋጅ የእህሉ የውጭ ሽፋን ተገፎ ይቀራል፣ አሰሩም አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው ግማሽ ግን ውሃ ነው። አሰር ሥራውን የሚሠራው ውሃ ይዞ ሲያብጥ ነው። እኛ ደጋው ላይ ቆሎ እየቆረጠመ፣ በሶ እየበላ፣ ውሃ ሳይጠጣ የሚውል ሰው አለ። ምግቡ ጥሩ ነው። ውሃው ሲጎድል ግን ያው መልሶ ይደርቃል። አሰር የሚጨምርም ሰው በአንድ ቀን አይጨምር። ሆዱ ይነፋል፣ ከዚያ "አልተስማማኝም" ብሎ ይተወዋል። ቀስ እያለ፣ ከውሃው ጋር።

ፋርማሲ ከሸዋ ሮቢት

ስለ ተልባ ልጨምር፣ ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ። ተልባ በእርግጥ ይጠቅማል። ግን አሠራራችን ላይ አንድ ነገር አለ። ታምሶ ይወቀጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ከዚያ ይጠለላል። ሲጠለል ገለባው ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ያ ገለባ ነው አንዱ ትልቁ ጥቅም። ለድርቀት የምትጠጡ ከሆነ የተወቀጠውን አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሳትጠልሉ፣ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጡት። ትንሽ ሲቆይ ይወፍራል፣ ማንኪያው ሲወጣ ክር ይስባል። እንደዚያ ሲሆን ጠጡትና ሌላ ብርጭቆ ውሃ አስከትሉበት። ደረቁን ተልባ በማንኪያ መቃም አይሆንም፣ ጉሮሮም አንጀትም ላይ ሊዘጋ ይችላል። መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ከተልባው ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት አራርቁት።

እኛ ጋ ቆላው ላይ ፓፓያና ማንጎ አለ። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ከሸዋ ሮቢት የሚወጣውን ፓፓያ መንገድ ላይ ታገኛላችሁ። ማታ ወይም ቁርስ ላይ መብላት ነው። ሙዝ ደግሞ አረንጓዴው ሳይሆን በደንብ የበሰለው።

ግቢ ተማሪ

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነኝ። ዶርም ውስጥ ሴቶቹ ከቴሌግራም "ሆድ አጽጂ ሻይ" ገዝተው ይጠጣሉ። ለድርቀትም ለማቅጠንም ይላሉ። ሰናመኪ ነው የሚባለው። አንዷ ካልጠጣች አይወጣላትም። ጉዳት አለው? አያቴ ደግሞ "ኮሶ ጠጪና ይጥረግሽ" ትላለች።

ፋርማሲ ከሸዋ ሮቢት

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰናመኪ እውነተኛ መድኃኒት ነው፣ ተራ ሻይ አይደለም። አንጀቱን እየገፋ ያንቀሳቅሳል፣ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ይሠራል። ፋርማሲ የሚሸጠው ቢሳኮዲልም ከዚያው ወገን ነው። ለጥቂት ቀን ሲያስፈልግ ችግር የለውም። በየቀኑ፣ መጠኑ የማይታወቅ ፓኬት፣ ለማቅጠን ሲሆን ግን ሌላ ነው። ስብ አያወጣም። የሚያወጣው ውሃና ጨው ነው። ፖታሲየም የሚባለው የሰውነት ጨው ሲወርድ ድካም፣ የጡንቻ መዛል፣ የልብ ምት መዛባት ያመጣል።

ሌላ የማይነገር ነገር አለ። አንጀት ሙሉ በሙሉ ከተጠረገ በኋላ እንደገና እስኪሞላ ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ልጅቷ በማግስቱ ሳይወጣ ሲቀር "ደረቀብኝ" ትልና ደግማ ትጠጣለች። ለዚህ ነው "ካልጠጣሁ አይወጣልኝም" የምትለው። ላክቱሎስ የመሰሉ የሚያለሰልሱ ሽሮፖች የዋሆች ናቸው። ግን እስከ ሁለት ቀን ድረስ ትዕግሥት ይጠይቃሉ።

ኮሶ የድርቀት መድኃኒት አይደለም። አያትሽ ክብር ይግባቸውና፣ ኮሶ ጥሬ ሥጋ ለሚያመጣው የኮሶ ትል ነበር የሚጠጣው። አሁን ለእሱም ከኮሶ የተሻለ፣ መጠኑ የታወቀ ክኒን አለ። ኮሶ ሲበዛ ይመርዛል። ለነፍሰ ጡር ጨርሶ አይነካም።

ሰላ ድንጋይ

አባቴ 74 ዓመቱ ነው። ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ አልጋ ላይ ነው። ለሕመሙ ትራማዶል ታዞለታል። ከአንድ ሳምንት በላይ አልወጣም። ትናንት ጀምሮ ደግሞ ቀጭን ውሃ መሰል ነገር ይወርደዋል። ተፈታለት ብለን ደስ ብሎን ነበር። የመሐል ሜዳዋን እናት ሳነብ ደነገጥኩ።

ጠባሴ ነርስ

መደንገጥሽ ትክክል ነው። አባታችን ላይ ያለውም ያው ሊሆን ይችላል። አልጋ ላይ በሚውል ሽማግሌ ሰገራው ከታች ደርቆ ይዘጋል፣ ቀጭኑ በጎን ይወርዳል። ከአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ብቻ ላይከፍተው ይችላል። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ወይም ባለሙያ ቤት ድረስ መጥቶ እንዲያየው ጠይቁ። በጣት መርምሮ አውቆ ከታች በሚሰጥ መድኃኒት ይከፈታል። ቤት ውስጥ በራሳችሁ ለማውጣት አትሞክሩ።

ትራማዶል፣ ኮዴይንና መሰሎቻቸው አንጀትን ያዘገያሉ። ይሄ ሁሉም ሰው ላይ የሚጠበቅ ነገር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ የሕመም ማስታገሻ ለቀናት ሲታዘዝ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ መታዘዝ አለበት። በግልጽ ጠይቁ፦ "ለሆዱስ?" በሉ። ማስታገሻውን ግን በራሳችሁ አታቋርጡበት፣ ሕመሙ ራሱ እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል።

ፋርማሲ ከሸዋ ሮቢት

ሌሎችም አሉ። የደም ማነስ ክኒን፣ ካልሲየም፣ አሉሚኒየም ያለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶች፣ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች። አዲስ መድኃኒት ከጀመራችሁ በኋላ ሆዳችሁ ከደረቀ መድኃኒቱን ይዛችሁ ኑ። ብዙ ጊዜ የሚለወጥ ወይም የሚስተካከል ነገር ይገኛል።

እርጉዝ ከአጣዬ

የደም ማነስ ክኒን ስትሉ አገኛችሁኝ። አምስተኛ ወሬ ነው። ክትትል ላይ የተሰጠኝን ክኒን ስውጥ ሆዴ ድንጋይ ሆነ፣ ሰገራዬም ጠቆረ። ፈርቼ ላቆመው ነው።

ጠባሴ ነርስ

እንኳን ማርያም ማረችሽ የምንልበት ቀን ያድርስሽ። ክኒኑን አታቁሚ። ለአንቺም ለልጁም ደም ያስፈልጋል። መጥቆሩ ክኒኑ ውስጥ ካለው አይረን (ብረት) ነው፣ አያስፈራም። በእርግዝና ሆርሞኑም አንጀትን ያዘገያል፣ ስለዚህ ሁለት ነገር ነው የተደረበብሽ። ሆድሽን ካስቸገረሽ ከምግብ ጋር ውሰጂው። ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አይሁን፣ ሰውነትሽ አይረኑን እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ውሃ ጨምሪ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ፓፓያ በደንብ የበሰለ። ማታ ማታ ትንሽ በእግርሽ ሂጂ። ካልተሻለሽ ክትትል ቀንሽን አትጠብቂ፣ ሄደሽ ንገሪያቸው። ለነፍሰ ጡር የሚሆን ማለስለሻ አለ። የጉሎ ዘይት እንዳትጠጪ፣ ምጥ ሊያስነሳ ይችላል።

ገዳመኛ

ዐቢይ ጾም ላይስ? 55 ቀን እስከ 9 ሰዓት ውሃም አንቀምስም። የጾም ምግብ ለሆድ ጥሩ ነው ትላላችሁ። እኔ ግን የሚደርቅብኝ በጾም ነው።

ጠባሴ ነርስ

አባቴ፣ ምግቡ ጥሩ ነው፣ የሚጎድለው ውሃውና ሰዓቱ ነው። ከቅዳሴ ሲወጡ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀስ ብለው ይጠጡ። ከዚያ እስከ መኝታ ድረስ ሌላውን ያከፋፍሉት። በአንድ ጊዜ ሊትር ቢጠጡ በሽንት ነው የሚወጣው። ተልባውን ሳይጠለል እዚያው ምሽት ላይ ያድርጉት።

የጾም ቁርስ ስለሌለ የአንጀቱ ጥሪም ከ9 ሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በጾም የመቀመጫ ሰዓትዎን ወደዚያ ያዙሩት፣ ጠዋት ሳይመጣ ማስማጥ አያስፈልግም። ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ግን ከሐኪምዎም ከነፍስ አባትዎም ጋር ይነጋገሩ።

አንኮበር ልጅ

አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ጎረቤታችን ሆዱ ተነፋ። "ደርቆበት ነው" ተባለ። ማታውን ጉሎ ዘይት አጠጡት። ፈስ እንኳ አልወጣውም። ሌሊት ማስመለስ ጀመረ። ጠዋት ቃሬዛ ላይ አድርገን አወረድነው፣ ከዚያ በመኪና። ሐኪሞቹ አንጀቱ ተጠማዟል ብለው ወዲያው ኦፕራሲዮን አደረጉት። ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ሌሊቱን ሙሉ ስንጠብቅ ነበር።

ጠባሴ ነርስ

ይሄን ስለጻፍክ በጣም አመሰግናለሁ። የአንጀት መጠማዘዝ አገራችን ውስጥ ከተለመዱት የአንጀት መዘጋት ምክንያቶች አንዱ ነው። ድርቀት አይደለም። ሆድ ተነፍቶ ከጠጠረ፣ ሰገራም ፈስም ካልወጣ፣ ሕመሙ ከበረታ፣ ማስመለስ ከመጣ ምንም አታጠጡ፣ ምንም አትስጡ። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል። ሌሊት ነው ተብሎ አይታደርም። የተጠማዘዘው አንጀት ደም ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

ቀስ ብለው የሚመጡ ግን የማይናቁም አሉ። ዕድሜው ከ50 በላይ ሆኖ ልማዱ በድንገት የተለወጠ ሰው። ሰገራ ውስጥ የተቀላቀለ ደም። ሳይፈልጉ ክብደት መቀነስ። ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ። እነዚህ ካሉ ተልባም ፓፓያም ይቆይ፣ መጀመሪያ ምርመራ።

የመሐል ሜዳ እናት

ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። ያላችሁትን ነው ያሉኝ። ሽሮፕ ታዞላታል። መምህሯንም አነጋገርኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ "አላወቅኩም" አለች። ስለ በሩ ቅዳሜ ወላጆች እንገናኛለን።

ኮንዶሚኒየም

የመጨረሻ ጥያቄ ከእኔ። ገጠር ሳለሁ በቁጢጥ ነበር የምንጠቀመው። አሁን ያለሁበት ቤት ሽንት ቤቱ መቀመጫ ያለው ነው። እናቴ መጥታ "እዚህ ላይ እንቢ አለኝ" ትላለች። በቃ አልለመደችውም ብዬ ተውኩት። ምክንያት አለው?

ጠባሴ ነርስ

አለው። ፊንጢጣውን ከኋላ ወደ ፊት ስቦ የሚያጥፍ ጡንቻ አለ። ስንቆምና ስንቀመጥ መንገዱን አጥፎ ይይዛል፣ እንዳያመልጠን ነው። ቁጢጥ ስንል ይላላል፣ መንገዱም ቀጥ ይላል። መቀመጫ ላይ በከፊል ብቻ ነው የሚላላው።

እናትሽ መቀመጫው ላይ እንዲወጡ እንዳታደርጊ፣ ይወድቃሉ። 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት በርጩማ እግራቸው ሥር አድርጊላቸው። ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ከፍ ይበል። ትንሽ ወደ ፊት ደገፍ ብለው ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፉ። ትንፋሽ ይዘው አያምጡ፣ በአፋቸው ቀስ ብለው ያውጡ። በርጩማዋ የማትንሸራተት ትሁን። ማታ ለሚነሱበት ደግሞ መብራቱ በርቶ ይደር።